ያልተቋረጠው ዘፈን

ሁሉም ሰው «ሸክላው» እያለ የሚጠራው ሰውዬ ሞቶ የተገኘው ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ከታናሽ እህቱ ቤት ጀርባ ባለችው የሥራ ክፍሉ ውስጥ ነው። በጀርባው ተንጋሏል። ከጎኑ ባለ ስድስት ደረጃ የብረት መሰላል ወድቋል። ከጭንቅላቱ ሥር የፈሰሰው ደም ሲሚንቶው ላይ መጥቆር ጀምሯል። ጠረጴዛው ላይ ካለው ኮምፒውተር ግን ሙዚቃ እየወጣ ነበር፤ ምንም እንዳልተፈጠረ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል።

«ላጥፋው?» አለ ሳጅኑ።

«እንዳትነካው!» አለች ኢንስፔክተሯ።

ባልደረቦቿ በሌለችበት «እማማ ለምን» ይሏታል። ስሙን ያተረፈችው መጠየቅ ስለማትሰለች ነው። አሁን በሩ ላይ ቆማ ክፍሉን በዓይኗ ዞረችው። ሦስቱ ግድግዳዎች እስከ ጣሪያ ድረስ መደርደሪያ ናቸው፤ መደርደሪያዎቹ በአሮጌ ኮምፒውተሮች፣ በሃርድ ዲስኮችና በተጠቀለሉ ገመዶች ታጭቀዋል።

«አደጋ ነው መሰለኝ» አለ ሳጅኑ። «ከላይ ዕቃ ሊያወርድ ሲል ወድቆ የዚህ የብረት ሳጥን ጥግ መትቶታል።»

«ምን ሊያወርድ?»

«እ...»

«ውጣና እየዋ።»

ሳጅኑ መሰላሉን ለምርመራ ስለተወው ወንበር ላይ ወጣ። «አቧራው እንዳለ ነው» አለ። «ድመት እንኳ አልረገጠበትም።»

ኢንስፔክተሯ ግን ዓይኗ ዝቅ ያለው መደርደሪያ ላይ ነበር። በደረት ቁመት ላይ፣ በሁለት ዲስኮች መካከል፣ መዳፍ የምታህል ከአቧራ የጸዳች አራት ማዕዘን ቦታ አለች። እዚያ የነበረው ነገር ተነስቷል፤ የተነሳውም ዛሬ ነው።

ሬሳውን ያገኘችው እህቱ ነች። የጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሥራ ላይ ቆይታ፣ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ምሳውን ልትሰጠው ስትመለስ በሩ ተቆልፎ አገኘችው። በራሷ ቁልፍ ከፈተች። አሁን ሳሎኗ ውስጥ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደርቋል፤ መንጋጋዋ ግን ተቆልፏል።

«ከወንድምዎ ጋር ትስማሙ ነበር?»

«አንነጋገርም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሃያ ዓመት።»

«አንድ ግቢ ውስጥ?»

«ምሳውን በሳህን እሰጠዋለሁ፤ አጥቦ ይመልሳል። ጉልበቱ የሞተበት ሰው ነው፤ ደረጃ መውጣት ካቆመ ስድስት ዓመቱ። መድኃኒቱን ገዝቼ በሩ ላይ አስቀምጣለሁ። ወንድሜ ነው፣ የት ልጣለው? ግን ልጄን ሸጦብኛል።»

ኢንስፔክተሯ ነገሩን በከፊል ታውቀዋለች። በእሷ ዕድሜ ያለ የማያውቀው የለም። አስቀድሞ ዘፈን የሚዳረሰው በካሴት ነበር፤ ከጓደኛ ተውሰህ፣ ባዶ ካሴት ገዝተህ፣ ሁለት ማጫወቻ አገጣጥመህ ትቀዳለህ። ከዚያ ኢንተርኔት በስልክ መስመር መጣ፤ አንድ ዘፈን ለማውረድ አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ እናት ስልኩን ካነሳች ሁሉም ነገር ይቋረጣል። ሸክላው ከአንድ ጓደኛው ጋር «ቅብብል»ን የመሠረተው በዚያን ጊዜ ነው። እያንዳንዱ ሰው ኮምፒውተሩ ውስጥ ያሉትን ዘፈኖች ለሌሎች ይከፍታል። አንዱ ዘፈን ተቆራርሶ፣ ቁራሹ ከዚህ ሰው፣ ሌላው ቁራሽ ከዚያ ሰው መጥቶ፣ አንተ ጋ ሲደርስ ሙሉ ይሆናል። እሷም ተማሪ ሳለች ተጠቅማበታለች፤ አልደበቀችም።

አሳታሚዎቹ ከሰሱ፣ ፍርድ ቤትም ዘጋው። ከመዘጋቱ በፊት ግን የሦስት መቶ አሥራ ሁለት ተጠቃሚዎች ስምና አድራሻ ፖሊስ እጅ ገባ። በአንድ ቀን ከየቤታቸው ተለቀሙ። አብዛኞቹ በማስጠንቀቂያ ተለቀቁ። የእህትየው ልጅ ግን አንዲት ታዋቂ ድምፃዊት ገና ያላወጣችውን ዘፈን ያሰራጨው እሱ ስለነበር፣ መቀጣጫ ይሁን ተብሎ ሁለት ዓመት ተፈረደበት። ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ ነበር። በዘጠነኛው ወር ሳንባውን ታሞ እስር ቤት ውስጥ ሞተ።

«ዝርዝሩ የነበረው ወንድሜ እጅ ነው» አለች ሴትዮዋ። «እሱ አንድ ቀን እንኳ አልታሰረም። ‹እኔ አይደለሁም› አለኝ። ‹ታዲያ ማነው?› ስለው ‹አላውቅም› አለ። ከዚህ በኋላ ምን እናወራለን?»

«ተጸጽቶ ነበር ብለው ያስባሉ?»

«ልጄ የታሰረባትን ያቺን ዘፈን አይሰማም። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ብትከፈት መንገድ መሃል አስቁሞ፣ በዚያ ጉልበቱ፣ በእግሩ መጣ። ጎረቤት ከከፈታት ጆሮውን ይዞ ይወጣል። ይህን አልክድበትም።»

ጠረጴዛው ላይ በተገኘው የቀን መቁጠሪያ ረቡዕ ዕለት ላይ «አራት ሰዓት፤ ሁሉም ይመጣሉ» ተብሎ በሸክላው እጅ ተጽፏል። ከግቢው በር ፊት ለፊት የሚሠራው ጫማ ሰፊ ደግሞ ማክሰኞ ጠዋት ያየው ሁለት ሰው ብቻ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ሱፍ የለበሰና ቦርሳ የያዘ ሰውዬ ገባ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወጣ። አራት ሰዓት ከአሥር ላይ አንዲት ሴት እየበረረች ገባች። «በሩን በእርግጫ ስትለው እዚህ ድረስ ተሰማኝ» አለ። «እየተሳደበች ወጣች። ጫማዋም ተበላሽቷል፤ ብትሰጠኝ እሠራላት ነበር።»

ሴትዮዋ ድምፃዊቷ ነበረች። ኢንስፔክተሯ የመለማመጃ ክፍሏ ውስጥ አገኘቻት፤ ሙዚቀኞቹን በሙሉ አስወጥታ በንዴት ትንጎራደዳለች።

«ሞተ አይደል? ነፍስ ይማር። እኔ ግን አላለቅስም!» አለች። «ሦስት ዓመት የለፋሁበትን ሥራ ሳላወጣው አገር ምድሩ በነፃ ሰማው። የት ሄጄ ልክሰስ? ‹ሙዚቃ ነፃ መሆን አለበት› ይሉኛል። እኔ ነፃ ነኝ እንዴ? ባለፈው ሳምንት ደውሎ ‹ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው፣ ረቡዕ ነዪ› አለኝ። ከሃያ ዓመት በኋላ! ይቅርታህን አልፈልግም ልለው ማክሰኞ ሄድኩ። ታዲያ ምን ቢያደርገኝ ጥሩ ነው? የገዛ ዘፈኔን ከፍቶ በሩን ቆልፎ ተቀምጧል!»

«የትኛውን ዘፈን?»

«ያንኑ ነዋ! የተሰረቀውን! እያሾፈብኝ!»

«ስትደርሺ ዘፈኑ የት ላይ ነበር?»

«ሁለተኛው አዝማች ላይ። የራሴን ዘፈን አላውቀውም? እስኪያልቅ ድረስ በሩን ደበደብኩ። ሰውዬው ንቅንቅ አላለም።»

«የላከልሽ ነገር አለ?»

«አንድ ፖስታ ነበር። ውስጡ ፍላሽ ነው። ሳላየው መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት።»

ኢንስፔክተሯ ፍላሹን ተቀብላ ሄደች። ደረጃው ላይ ቆም ብላ ማስታወሻዋን ከፈተችና ከአንድ መስመር በታች ሁለት ጊዜ አሰመረች።

የቅብብልን ፕሮግራም የጻፈው ጓደኛ አሁን ሕጋዊ የሆነ የሙዚቃ ማሰራጫ ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ነው። ቢሮው በመስታወት የታጠረ ነው። ሸክላውን ማን ሊገድለው ይችላል ብላ ስትጠይቀው ሳቀ፤ ሳቁ ግን የደስታ አይደለም።

«እኛ ሁላችንም ትንሽ ትንሽ ገድለነዋል» አለ። «ይህ ድርጅት የሚሠራበት ስልት ያኔ እኔ የጻፍኩት ነው፤ ትንሽ አሻሻልነው እንጂ። ያኔ ሌባ አስባለኝ፤ ዛሬ ሽልማት ያሰጠኛል። ከሳሾቻችን ዛሬ ሸሪኮቼ ናቸው። ያ ልጅ ግን ምን ሊሆን ሞተ? ንገሩኝ እስቲ!»

«ስሞቹን ማን አሳልፎ ሰጠ?»

«ሸክላው እኔን ሲጠረጥር ኖሯል። እኔም እሱን። ቢሆንም በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ እጠይቀዋለሁ። ጉልበቱ ስለማይታጠፍ ከላይ ከላይ ያሉትን ዲስኮች የማወርድለት እኔ ነኝ። የሞቱትን እየጠገነ ያነባቸው ነበር፤ የያኔውን ደብዳቤ ሁሉ ለማግኘት። ባለፈው ቅዳሜ ይህን ሰጠኝ።» ከኪሱ ፍላሽ አወጣ። «ብከፍተው ትርጉም የሌለው ዝባዝንኬ ነው።»

ማክሰኞ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት ከዘጠኝ ሰው ጋር ስብሰባ ላይ ነበር፤ ዘጠኙም መሰከሩ።

«ሸክላው የሚያዳምጠው በእናንተ ድርጅት በኩል ነው?»

«እየሰደበንም ቢሆን።»

«የሰማውን ሁሉ መዝግባችኋል?»

ሥራ አስኪያጁ ትንሽ አፈረ። «ሁሉንም። መቼ እንደከፈተ፣ መቼ እንዳቆመ፣ የቱን ሳይጨርስ እንደዘለለ።»

«አትሙልኝ።»

ወረቀቱን ቆማ አነበበችው። ማክሰኞ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ሸክላው አሥራ አራት ዘፈን ዘሏል፤ ስድስቱን ደግሞ ከመሃል ወደ መጀመሪያ መልሷል።

«ይህ ሰውዬ ሙዚቃ አይሰማም» አለች፤ «ይጨቃጨቃል እንጂ።»

ሦስት ሰዓት ከሰባት ላይ ሙዚቃው ቆመ። ሦስት ሰዓት ከሠላሳ ሁለት ላይ እንደገና ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ፖሊስ እስኪመጣ ድረስ ማንም እጁን አላሳረፈበትም። ከላይ እስከ ታች፣ ማሽኑ ራሱ የመረጣቸው ዘፈኖች ተራ በተራ፣ ሙሉ በሙሉ ተጫውተዋል።

የቀረው ባለ ሱፉ ሰውዬ፣ ጠበቃው ነበር። በቅብብል ክስ ጊዜ ለሸክላው የቆመው እሱ ነው። አሁን ዳኛ ሆኖ ተሹሟል፤ ቃለ መሐላው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ኢንስፔክተሯን ተነስቶ ተቀበላት፣ ወንበር ሳበላት።

«ደንበኛዬ ብቻ አልነበረም፤ ወዳጄ ነበር» አለ። «ብዙ ዓመት ሳንገናኝ ቆይተን ሰኞ ደወለልኝ። ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ሄድኩ። የድሮውን አነሳን ጣልን። ሦስት ተኩል ላይ ወጣሁ፤ ስወጣ ሙዚቃውን ከፈተ፣ በሩንም ከውስጥ ቆለፈ።»

«ጤናው እንዴት ነበር?»

«ደህና ነበር እንጂ! ዕድሜውን የሚረሳ ሰው ነው። እኔ ፊት እንኳ መሰላሉ ላይ ወጥቶ ዕቃ አወረደ። ‹ተው፣ ትወድቃለህ› ብዬው ነበር፤ ምን ያደርጋል...» ራሱን ነቀነቀ።

«የሰጠዎት ወይም የላከልዎት ነገር አለ?»

«ምንም።»

«አመሰግናለሁ» አለች ኢንስፔክተሯ። መኪናዋ ውስጥ ከገባች በኋላ መሪውን በጡጫ መታችው። ሳጅኑ ለምን ብሎ አልጠየቃትም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አራቱም በሸክላው የሥራ ክፍል ተሰበሰቡ። እህትየው በሩ አጠገብ ቆመች፤ ተቀመጪ ብትባል እንቢ አለች። ድምፃዊቷ ከሥራ አስኪያጁ በተቻለ መጠን ርቃ ተቀመጠች። ጠበቃው ሰዓቱን ያያል።

«አራታችሁም ትናደዱበት ነበር፤ ወይም ትፈሩት ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። «መጀመሪያ መሰላሉን እንይ። ሸክላው ከመሰላል ወድቆ እንደሞተ ተደርጎ ተቀናብሯል። ግን ላይኛው መደርደሪያ አልተነካም፤ የጠፋው ዲስክ የነበረው በደረት ቁመት ላይ ነው። ደግሞ ሰውዬው መሰላል ይቅርና ደረጃ መውጣት ካቆመ ስድስት ዓመቱ ነው። ይህን ማን ያውቃል? እህቱ ታውቃለች፤ መድኃኒቱን ታመጣለች። ሥራ አስኪያጁ ያውቃል፤ ዲስክ ያወርድለታል። እነሱ ቢገድሉት መሰላል ጎኑ አይጥሉም። ገዳዩ ብዙ ዓመት እዚህ ደጃፍ ያልደረሰ ሰው ነው።»

«እኔም ደርሼ አላውቅም» አለች ድምፃዊቷ በቁጣ። «እኔ ነኝ ልትይ ነው?»

«አይደለሽም። ያዳነችሽ ዘፈንሽ ናት።» ወረቀቱን አነሳች። «ሙዚቃው እስከ አምስት ተኩል ስለተሰማ ሁላችንም እስከ ረፋድ በሕይወት ነበር ብለን ነበር። ግን ከሦስት ሰዓት ከሠላሳ ሁለት በኋላ አንድም ዘፈን አልተዘለለም። አራት ሰዓት ከስምንት ላይ ማሽኑ ያንቺን ዘፈን አመጣ። በሁለት ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ አምጥቶለት ነበር፤ አምስቱንም ጊዜ ሦስት ሴኮንድ ሳይሞላ አጥፍቶታል። ማክሰኞ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጫወተ። አንቺ የደረስሽው ሁለተኛው አዝማች ላይ ነው፤ ዘፈኑ ሲጀምር ገና መንገድ ላይ ነበርሽ። ያቺን ዘፈን ላለመስማት ከአውቶቡስ የወረደ ሰው፣ እጁ ሥር ሆና እንዴት ዝም አላት?»

እህትየው እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ሞቶ ስለነበር ነው። አላሾፈብሽም። አልሰማሽም።»

ድምፃዊቷ አንገቷን ደፋች።

«ስለዚህ የሞተው ከአራት ሰዓት በፊት ነው። ከዚያ በፊት የገባ አንድ ሰው ነው። ሦስት ሰዓት ከሰባት ላይ ሸክላው እንግዳውን ለማነጋገር ሙዚቃውን አቆመ። ሦስት ሰዓት ከሠላሳ ሁለት ላይ እንደገና የከፈተው ሌላ እጅ ነው፤ ‹በሕይወት አለ› እንዲያሰኝለት። በሩ ደግሞ ሲጎትቱት በራሱ ይቆለፋል።» ወደ ጠበቃው ዞረች። «እርስዎ ፊት መሰላል ወጣ ብለውኛል።»

«ተሳስቼ ይሆናል» አለ ጠበቃው በእርጋታ። «ይህ ሁሉ ግምት ነው። ፍርድ ቤት ውስጥ አይቆምልዎትም። ደንበኛዬን ለምን እገድላለሁ?»

«እሱን ሟቹ ይንገረን። ዲስኩን ወስደዋል። ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲያባዛና ሲያከፋፍል የኖረ ሰው አንድ ቅጂ ብቻ ይዞ ይቀመጣል ብለው እንዴት አሰቡ?»

ሁለቱን ፍላሾች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ እህትየውን አየቻት። «ከቁልፎችዎ ጋር የተንጠለጠለው ፍላሽ ከየት መጣ?»

«ከሁለት ሳምንት በፊት ከታጠበው ሳህን ጋር አስቀመጠልኝ» አለች ሴትዮዋ ቀስ ብላ። «‹ይዘሽው ቆዪ› የሚል ወረቀት ነበረው። መጣል ከበደኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ገባው። ተስፈንጥሮ ተነሳና ሦስቱንም ኮምፒውተሩ ላይ ሰካ። «እንደ ድሮው ቆራርሶታል» አለ፤ ድምፁ ተቀየረ። «ቁራሹ ብቻውን ትርጉም የለውም። አንድ ላይ ካልሆንን አናነበውም።» ጥቂት ደቂቃ ጻፈ፣ ጠበቀ። ስክሪኑ ላይ አንድ የቆየ የኢሜይል ደብዳቤ ተከፈተ። ከልጆቹ መያዝ ሦስት ሳምንት በፊት፣ ጠበቃው በሸክላው ኮምፒውተር ተጠቅሞ ለከሳሾቹ ጠበቆች የላከው ነው። ከሥሩ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ስም ተያይዟል። በምላሹ የጠየቀው ከክሱ በኋላ የአሳታሚዎቹ ማኅበር ጠበቃ ለመሆን ነው። ሆነም።

«ቁራሽ ያልተላከለት ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሰኞ የደወለልዎት ለማስፈራራት ነው?»

የጠበቃው ፊት አመድ መሰለ። «‹ረቡዕ ሁሉም ፊት በራስህ አፍ ንገራት› አለኝ። ለእህቱ። ሌላ ምንም አልፈልግም አለ።» ድንገት ድምፁን ከፍ አደረገ። «ቅብብል መዘጋቱ አይቀርም ነበር! ልጆቹን አስፈራርተው እንደሚለቋቸው ቃል ገብተውልኝ ነበር! የሚሞት ሰው ይኖራል ብዬ መች አሰብኩ? ዲስኩን ስጠኝ ብዬ ለመንኩት፤ እንቢ አለ፤ ገፋሁት። አንድ ጊዜ ነው የገፋሁት!»

«ከዚያ መሰላሉን አስተኙ፣ ሙዚቃውን ከፈቱ፣ በሩን ዘጉ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሐኪም ግን አልጠሩም።»

እህትየው ከበሩ ተነስታ ጠበቃው ፊት ቆመች። ሁሉም ትመታዋለች ብለው ጠበቁ።

«ልጄ ሲቀበር አጠገቤ ነበርክ» አለች። «ክንዴን ደግፈህ ‹አይዞሽ እህቴ› ብለኸኛል። ወንድሜ ከኋላ፣ ከሰው ሁሉ ርቆ ነው የቆመው። እንዲርቅ ያደረግኩት እኔ ነኝ። አንተን ደግፈኝ ብዬ፣ እሱን አባረርኩት!»

ጠበቃው አፉን ከፈተ።

«እንዳትናገር!» ብላ ጮኸች። «ሃያ ዓመት ስትናገር ኖረሃል!»

ሳጅኑ ካቴና አግብቶለት ወሰደው። ኢንስፔክተሯ ሦስቱን ፍላሾች ነቅላ ፖስታ ውስጥ አሸገች፤ ፈረመችበት።

«ያ ደብዳቤ ምን ይሆናል?» አለች እህትየው።

«የፍርድ ቤት ማስረጃ ነው። እስኪወሰን ድረስ ለማንም አይሰጥም።»

«እስኪወሰን ማለት ስንት ዓመት ነው? ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቤት አለ። ባል ሚስቱን፣ ወንድም ወንድሙን ሲጠረጥር የኖረበት። እነሱም እንደኔ ሟች ሲቀብሩ ይነገራቸው?»

ኢንስፔክተሯ ሕጉን ታውቀዋለች፤ መናገርም ትችላለች። ፖስታውን ብብቷ ሥር አስገባችና ወደ በሩ ሄደች። «የታዘዝኩት ፍላሾቹን እንድይዝ ነው» አለች ሳትዞር። «ኮምፒውተሩን ነገ ጠዋት መጥተን እንወስደዋለን።»

ከወጣች በኋላ ሦስቱ ተያዩ። ደብዳቤው ስክሪኑ ላይ እንዳለ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ወንበሩን ለቀቀላት። እህትየው በወንድሟ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ድምፃዊቷ ከኋላዋ መጥታ የወንበሩን መደገፊያ ያዘች።

«ለሦስት መቶ አሥራ ሁለቱም እንዲደርስ» አለች እህትየው። «የቱን ነው የምጫነው?»

ሥራ አስኪያጁ አሳያት። ተጫነችው፤ ደብዳቤው መሄዱን እስኪነግሯትም ድረስ ጣቷን አላነሳችም።